«ዳታችሁ ተበላሽቷል» ለሚላችሁ ቴክኒሺያን ከመክፈላችሁ በፊት

የጅማ ነጋዴዎች፣ በተለይ በኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ማከማቻ ፕሮግራም) የሚሠራ የሒሳብና የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የገዛችሁ፣ ሰኔ 30 ደርሶ ዓመቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ሒሳብ በምይዝለት አንድ የመርካቶ ጅምላ መደብር ዓመቱ እየተዘጋ ሳለ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ዳታቤዙ አልከፈት አለ፤ ከስሙ አጠገብ «ኢን ሪከቨሪ» (በማገገም ላይ) ይላል። ሶፍትዌሩን የሸጠው ድርጅት የላከው ቴክኒሺያን ሰርቨሩን ደጋግሞ አጥፍቶ አስነሳው፤ ቀጥሎ «ዳታው ተበላሽቷል፣ ለማትረፍ ተጨማሪ ክፍያ አለው» አለ። የጠየቀው የሶፍትዌሩን ዋጋ ግማሽ ያህል ነው። (ሲሸጡልን ስለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) አንዲት ቃል አልተነፈሱም።)

የሰርቨሩን የስህተት መዝገብ በኖትፓድ ከፈትኩት። የዳታቤዙ ስም፣ ሥራው ከመቶ ስንት እንደደረሰ፣ ስንት ሰከንድ እንደቀረው፣ «ምዕራፍ 3 ከ3» የሚል መስመር ተጽፏል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው መጨረሻው «ይህ ለመረጃ ብቻ ነው፤ ከተጠቃሚው የሚጠበቅ ነገር የለም» ማለት ነው። ማሽኑ ምንም አታድርጉ እያለ ሰውየው ክፍያ ይጠይቃል!

በዚህ ሶፍትዌር የዓመቱ መዝጊያ በሙሉ በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉ በሙሉ የሚያልቅ ወይ እንዳልነበረ የሚሰረዝ ሥራ) ታጭቋል። ሥራው መሐል ላይ ከተቋረጠ ሰርቨሩ ግማሽ የተዘጋ ዓመት አይተውም፤ ሎጉን (የስህተት መዝገቡን ሳይሆን የዳታው ለውጥ ሁሉ የሚጻፍበትን ፋይል) እያነበበ ያላለቀውን ሥራ ሁሉ ወደኋላ ይመልሳል። ሲሠራ በብዙ ፕሮሰሰር የተካፈለውን አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ብቻ ስለሚመልሰው፣ መመለሱ ከመሥራቱ ሊረዝም ይችላል። አጥፍቶ ማስነሳት ደግሞ ማገገሙን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ያ ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የከፋው ሎጉን አጥፍቶ አዲስ መፍጠር ነው። ዳታቤዙ ወዲያው ይከፈታል፣ ቴክኒሺያኑም ይመሰገናል፤ በጅምር የቀረው ለውጥ ግን ዳታው ውስጥ ተቀላቅሎ ይቀራል። መጋዘን ያለው ዕቃና ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ለምን አልገጠመም ብላችሁ ወራት ትፈልጋላችሁ። ሎጉን ማንም እንዳይነካው። ከዳታቤዙ ስም አጠገብ «ሰስፔክት» (አጠራጣሪ) የሚል ከታየ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ባክአፕ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) ያስፈልጋል፣ እሱም ከመዝጊያው በፊት የተወሰደ መሆን አለበት።

ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ መዝጊያው በየወሩ ተከፋፍሎ ይሠራ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁት። ከኤስኪውኤል ሰርቨር 2019 እትም ጀምሮ ትልቅ ትራንዛክሽንን እንኳ በቅጽበት የሚመልስ አሠራር አለ፤ በዚያ እትም ግን ካላበሩት ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ሻጩ እናንተ ፊት ያብራው።

የእኛ ዳታቤዝ ማንም ሳይነካው በራሱ ተከፈተ፣ ሽያጩም ሙሉ ነበር። ድርጅቱ ግን አሁንም ክፍያውን ይጠይቃል፤ ውሉ ላይ «ዳታ የማትረፍ አገልግሎት ለብቻ ይከፈላል» የምትል አንቀጽ አለች። ሳትፈርሙ አሰርዟት።