ለሚሾፍባት ልጅ የቱ ይሻላል፦ ፋንታሲ ወይስ የእውኑ ዓለም ልብ ወለድ?

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቷ ነው፤ ሐዋሳ ነው የምትማረው። ክፍል ውስጥ ይሾፉባታል። እናቷ ደውላ «ምን መጽሐፍ ልግዛላት?» አለችኝ።

ፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለበት ታሪክ)፦ ጉልበቱ ከራሷ ሕይወት መራቁ ነው። ልጅቷ ስለ ራሷ አንድ ቃል ሳትናገር፣ ክንዷ ላይ እርግማን ስላለባት ጀግና ከእናቷ ጋር ማታ ሙሉ ማውራት ትችላለች፤ «እኔን ትመስላለች» የሚለው ቀስ ብሎ ይመጣል። አደጋው ግን አለ። አንዳንዱ ታሪክ ራስን መጉዳትን የአስማት ዋጋ አድርጎ ያሳምረዋል። እሱን በፍጹም አልወደውም፤ ቀድማችሁ አንብቡት።

የእውኑ ዓለም ታሪክ፦ ቀጥተኛ ነው። ለማን እንደሚነገር ያሳያል። ቁስሉ ትኩስ ከሆነ ግን ይከብዳል፣ ራስን የመጉዳት ዘዴ የሚዘረዝር ከሆነ ደግሞ ይቅርባት።

ዋጋ፦ የእንግሊዝኛው ፋንታሲ ውድ ነው፤ መዋዋስ ያዋጣል።

ዝም ካለች ከፋንታሲ ጀምሩ። ማውራት ከጀመረች ሁለተኛውን ስጧት። በሐዋሳ ሙቀት ረጅም እጅጌ አላወልቅም ካለች ግን ራሷን የጎዳችበትን ቁስል እየደበቀች ሊሆን ይችላልና መጽሐፉ ይቆይ፤ ሳትቆጡ ብቻዋን ጠይቋት፣ አብራችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂዱ። ብዙ ወላጅ ይፈራል እንጂ፣ መጠየቅ ራስን የመጉዳት ሐሳብ አያመጣባትም።