"ስፒክ አፕ" ሲሉኝ ተነስቼ ቆምኩ

እንግሊዝኛ አስተማሪ ለምትፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። በዚያውም ላመስግናቸው። ፊት ለፊት ሳመሰግናቸው "ተይ እባክሽ" ብለው ወሬ ያስቀይሳሉ።

የምኖረው ደሴ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በየቀኑ ሐረጎን ወርጄ እወጣለሁ። የምሠራበት ፋብሪካ ስብሰባው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቀን የሳምንቱን ሪፖርት ሳነብ፣ ከውጭ የመጣው ኃላፊያችን "ስፒክ አፕ፣ ፕሊስ" አለኝ። እኔ የማውቀው "ስታንድ አፕ"ን ነው። ተነስቼ ቆምኩ። ደገመው። እጄን ወደኋላ አጣምሬ፣ ቀጥ ብዬ፣ በዚያችው በማትሰማ ድምፄ ቀጠልኩ። ሰው ሳቁን መያዝ አቃተው። ለካ "አይሰማም፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ" ማለቱ ነው።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት በዚያው ሳምንት ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሆጤ አካባቢ፣ ግቢያቸው ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ቅዳሜና እሁድ ያስተምራሉ። ታሪኬን ስነግራቸው አልሳቁም። (ቆይተው ለባለቤታቸው ሲያወሩ ግን ሳቃቸው ውጭ ድረስ ተሰምቶኛል።)

ክረምት ነበር። የደሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጋሼ ሆን ብለው በሹክሹክታ ማስተማር ጀመሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታየናል። እርስ በርስ ተያየን። በመጨረሻ ከኋላ አንዱ "ጋሼ፣ አይሰማም!" አለ። "እሱን በእንግሊዝኛ በለኛ!" ብለው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉት፦ "ኩድ ዩ ስፒክ አፕ፣ ፕሊስ?" ከዚያ ወዲያ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የሚከብደው ሁለተኛው ትርጉሙ ነው። ጋሼ "የሆድ ይፍጀው ተቃራኒ ነው" አሉን። ስብሰባ ላይ ሁሉም አቀርቅሮ ሳለ አንዷ "ይሄ ልክ አይመስለኝም" ካለች፣ ድምፅዋ ቀጭን ቢሆንም "ስፒክ አፕ" አድርጋለች። "ፎር" ሲከተለው ለሌላ ሰው መከራከር ይሆናል። "ስፒክ አውት" ደግሞ ሰፋ ይላል። በአደባባይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቃወሙትን ነገር በግልጽ መናገር ነው። ስለዚህ "አጌንስት" ብዙ ጊዜ ይከተለዋል። "የእኛን አውጥቶ መናገር አስቡ፣ አውት ያው ነው" አሉ። እኔን የያዘልኝ ይሄ ነው።

ቀይ እስክሪብቷቸው ግን አይምርም። "ስፖክ አፕ ዘ ፕሮብሌም" ብዬ ብጽፍ መሃሉ ላይ "አባውት" የምትል ቃል አስገብተው ሁለት ጊዜ አሰመሩባት። ግሡ ተሳቢውን በቀጥታ አይቀበልም። እስካሁን እሷን ቃል ስጽፍ እጄ ይፈራል።

እንከን አይጠፋም። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ አግዳሚው ወንበር ጀርባ የለውም። ጠዋት 3 ሰዓት ካለፈ በሩ ይዘጋል፤ የታክሲ ወረፋ ምክንያት አይሆንም። በስልክ ማስተማርም አይወዱም። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

ባለፈው ወር አብራን የምትሠራ ልጅ የትርፍ ሰዓቷ ጎድሎ ተመዘገበ። ስብሰባው ላይ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትነክሳለች። እጄን አወጣሁ። "አይ ዋንት ቱ ስፒክ አፕ ፎር ኸር" አልኩ። ኃላፊው ጆሮውን አስግጎ "ስፒክ አፕ፣ ፕሊስ" አለኝ። ይሄኛው የዝናቡ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ሰዓቷም ተስተካከለላት።

ቅዳሜ ለጋሼ ይህን ስነግራቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"ተቀምጠሽ ነው?" አሉኝ።