ድሬ ላይ ፈረስ ላላችሁ፦ እኚህን ፈረስ ገሪ እወቋቸው

ድሬዳዋና ሐረር አካባቢ ፈረስ ያላችሁ፣ በተለይ «ደንገላሳ (ከሶምሶማ የሚፈጥን፣ ከሽምጥ የሚያንስ ግልቢያ) ጀምራ ታቋርጥብኛለች» እያላችሁ የተቸገራችሁ፣ ይህችን አንብቡልኝ። የማመሰግናቸው ሰው አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስለማይወዱ «ጋሼ» ብቻ እላቸዋለሁ። ያደጉት አዊ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት አገር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከፈረስ አልተለዩም። አሁን ኑሯቸው እዚሁ ድሬ ነው።

የኔ ባዝራ ዳማ ናት፣ በጣም ገራም። እርምጃዋ ጥሩ ነው። ሶምሶማዋን ያየ ሁሉ ይወድላታል። ደንገላሳ ላይ ግን ጥቂት ትሄድና ወደ ሶምሶማ ትመለሳለች፣ ወይም ድንገት ሽምጥ ትነሳለች። ወደ ቀኝ ስትዞር ደግሞ ይብስባታል። ከዚህ በፊት ያያት ሰው «ሰነፍ ናት፣ አለንጋ ነው የሚያስፈልጋት» ብሎኝ ነበር። አንጀቴ አልቻለም።

ጋሼ አለንጋ አይዙም። «ልጄ፣ ፈረስ በከንቱ አያቋርጥም» አሉኝ። «ወይ ያመዋል፣ ወይ አቅም አንሶታል፣ ወይ የተቀመጠበት ሰው ከልክሎታል።» ከዚያ ሦስቱንም በተራ ፈተሹ።

መጀመሪያ ያዩት ኮርቻውን ነው። እስክታልባት አስጋልበው ኮርቻውን አወረዱና ጀርባዋን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ሙሉ ጀርባዋ በላብ ርሷል። ከቀኝ ትከሻዋ ኋላ ግን መዳፍ የምታክል ደረቅ ቦታ አለች። እጄን ይዘው አስነኩኝ። ኮርቻው አጥብቆ ሲጫነው ቆዳው እዚያ ጋ ማላብ ያቅተዋል አሉ። ጫን ሲሏት ጀርባዋን ወደ ታች ሰበር አደረገች፣ ጆሮዋንም ወደ ኋላ አጠፈች። የኮርቻው እንጨት በአንድ ጎን እየቆረቆራት ነበር ማለት ነው። አስተካክለው፣ ከስሩ አዲስ ድልዳል አድርገው መለሱልኝ። ጥርሷንና ሰኮናዋን ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ይይልሽ ብለው ላኩኝ። የሐኪሙን ሥራ እኔ ልሥራ አይሉም። ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ ጆሮዬን አሠለጠኑት። ደንገላሳ ሦስት ምት አለው። ወደ ግራ ስትዞር መጀመሪያ የቀኝ የኋላ እግሯ ይረግጣል። ከዚያ የግራ የኋላና የቀኝ የፊት እግሯ አንድ ላይ ያርፋሉ። መጨረሻ የግራ የፊት እግሯ። ከዚያ ለቅጽበት አራቱም እግሮቿ አየር ላይ ናቸው። ወደ ቀኝ ስትዞር ሁሉም ይገለበጣል። «ዓይንሽን ከአንገቷ ላይ አንሺና በጆሮሽ ቁጠሪ» ይላሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝም። ሦስቱ ምት አራት መሆን ከጀመረ ጉልበቷ እያለቀ ነው፣ ልታቋርጥ ነው።

ዋናው ብልሃታቸው እዚህ ላይ ነው። ሳታቋርጥ በፊት ራስሽ ወደ ሶምሶማ መልሻት ይላሉ። ወደ 20 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ፣ ከጥሩ ሶምሶማ ተነስታችሁ፣ ጥቂት ዙር ምት ብቻ (አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝም አንድ ዙር ነው) ደንገላሳ፣ ገና ደህና እያለች ወደ ሶምሶማ፣ ከዚያ እንደገና። ርዝመቱን የሚጨምሩት ቀስ እያሉ ነው። እንዲህ ስትሠራ ባዝራዋ ማቋረጥን አትለምድም፣ የጀርባና የኋላ እግሯ ጡንቻም ይጠነክራል። በየመሃሉ ሰው ሳይቀመጥባት በረጅም ገመድ ያዞሯታል። ሚዛኗን መጀመሪያ ለራሷ ታግኝ ነው ነገሩ።

የጋላቢውን ነገርም አይምሩም። ሰው ወደ ፊት ሲያጎነብስ ክብደቱ የፊት እግሯ ላይ ይወድቃል፣ የኋላ እግሯ መግፋት ያቅተዋል። ዛብ ጎትቶ በእግር መኮርኮር ደግሞ «ቁሚም ሂጂም» ማለት ነው፣ የትኛውን ትስማ? ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ጉልበትን አለመጨበጥ፣ እጅ የአንገቷን እንቅስቃሴ መከተል። ትንፋሽንም መልቀቅ። ፈረስ በደንገላሳ ጊዜ በእያንዳንዱ ዙር ምት አንዴ ትተነፍሳለች፤ የሆድ ማሰሪያው ከልክ በላይ ከጠበቀ ምቱም ይበላሻል።

ለድሬ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ለግልቢያ ያጓጓል። ጋሼ ግን ጥልቅ አሸዋ ላይ ደንገላሳ አያስጋልቡም፤ የእግሯን ጅማት ይጎዳል። ጠንከር ያለ አፈር ነው የሚመርጡት። ለጉልበት ደግሞ ደንገጎ ግርጌ አቀበት ላይ በእርምጃ ብቻ ያስወጧታል። ሁሉም ነገር ፀሐይ ሳይወጣ ያልቃል። የድሬን ሙቀት ለእናንተ አልነግራችሁም። ሲጨርሱ ትንፋሿ እስኪረጋ በእርምጃ ያዞሯታል፣ ከዚያ ውሃና ጨው።

አሁን ዳማዬ በሁለቱም አቅጣጫ ክቡን ዞራ ዞራ ምቷ አይዛነፍም። በቀኝ በኩል አሁንም ከግራው ትንሽ ይከብዳታል፣ እየሠራንበት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ኮርቻ ሳመጣ ጆሮዋን ማጠፍ ትታለች። ለኔ ይሄ ከምንም ይበልጥብኛል።

ጋሼ፣ አቦ ይመችዎት! እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ሰውዬው አይቸኩሉም። «ለሳምንት ሠርግ ላጅብባት» ብላችሁ ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል። ዕድሜው ያልደረሰ ፈረስም ለግልቢያ አይቀበሉም። ዋጋቸው አይጎዳም፣ የተስማማችሁበትን ብቻ ነው የሚቀበሉት። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ኮርቻችሁን እንዳትረሱ፣ ያለ ኮርቻው ፈረሱን አያዩላችሁም።