የፊት ሕክምና ምክክር በሐዋሳ፦ ሆስፒታል፣ የቆዳ ክሊኒክ ወይስ የውበት ሳሎን?

ጥር ሲቃረብ የሐዋሳ ውበት ቤቶች ወንበር አይገኝባቸውም። ሙሽራዋ ብቻ ብትሆን ጥሩ ነበር፤ ሚዜዎቿም፣ እናቷም፣ አክስቷም "ፊቴን ትንሽ ላስተካክል" ይላሉ። አንዷን ማድያት አስቸግሯታል። ሌላዋ የብጉር ጠባሳ አለባት። ሦስተኛዋ ቲክቶክ ላይ ያየችው ቦቶክስ፣ የፊት መስመር የሚያለሰልሰው መርፌ፣ አምሯታል። ሁሉም ዞረው የሚጠይቁት ግን "የት ይሻላል?" ብለው ነው።

እዚህ የማወዳድረው የመጀመሪያውን ቀን ነው። ገና መርፌ ሳይወጣ፣ ማሽን ሳይበራ ከባለሙያው ጋር የምትነጋገሩበትን፣ ኮንሰልቴሽን የሚሉትን። ለዚህ ሦስት በር አለ፦ የቆዳ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል፣ የግል የቆዳ ክሊኒክ እና የውበት ሳሎን።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ማድያት፣ ብጉር፣ ጠባሳ ወይም ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጥቁረት ካለባችሁ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይያችሁ። ሆስፒታልም ይሁን ክሊኒክ ግድ የለም። ቦቶክስ ወይም ፊለር (ከንፈርን ወይም ጉንጭን የሚሞላው መርፌ) ከሆነ ሐኪሙ ራሱ የሚወጋበት ክሊኒክ ሂዱ። ሳሎን ጤነኛ ፊት ለማጽዳትና ለማሳመር ነው። ለዚያ ደግሞ እጃቸው የተባረከ ልጆች አሉ።

ምን ይጠይቋችኋል?

ሆስፒታል ካርድ ታወጣላችሁ፣ ወረፋ ትይዛላችሁ፣ እንደ ቦታው የሪፈር ወረቀትም ትጠየቃላችሁ። ግማሽ ቀን ሊሄድ ይችላል። ሐኪሙ ፊት የምትቀመጡት ግን ለጥቂት ደቂቃ ነው። "ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነ? እርጉዝ ነሽ? የምታጠቢው ልጅ አለ? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ምን ስትቀቢ ነበር?" ጨዋታ የለም። ግን ዋናው ነገር ያለው እዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ነው።

እርግዝና ማድያት ያመጣል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንም ሊያመጣ ይችላል። ለከባድ ብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ጽንሱን ክፉኛ ይጎዳል። ስለ እርግዝና ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያዝ ሰው፣ ቢሮው የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይሆናችሁም።

"ምን ስትቀቢ ነበር?" የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። ስም በሌለው ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሸጥ፣ ፊት ያቀላል የሚባል ክሬም ሁላችንም እናውቃለን። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የተባለ ስቴሮይድ ያለበት አለ። በጥቂት ሳምንት ፊት ይፈካል፣ ያየሽ ሁሉ "ምን ተቀባሽ?" ይላል። ሲውል ሲያድር ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይፈላል። ለማቆም ሲሞከር ፊት እንደ በርበሬ ይቀላል፣ ይለበልባል። ሃይድሮኪኖን የተባለ ጥቁረት የሚቀንስ መድኃኒት ያለበትም አለ። ሐኪም እየተከታተለ ለጥቂት ወራት ቢያዝ ይጠቅማል፤ ለዓመታት ያለ ልክ ሲቀቡት ግን ሊያጠፉት የፈለጉትን ጥቁረት ይባስ ብሎ ይተክለዋል። ሜርኩሪ የሚገኝባቸውም አሉ፤ እሱ ኩላሊት ይጎዳል። እንግዲህ እንዲህ በሳሳ ቆዳ ላይ አሲድ ፒሊንግ፣ ማለትም የላይኛውን ቆዳ በአሲድ መላጥ፣ ቢደረግ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ሳሎን ውስጥ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ልጅቷ እጇን ጉንጫችሁ ላይ ታደርግና "የኔ ቆንጆ፣ ይሄማ ቀላል ነው፣ በሦስት ጊዜ ልቅም ይላል" ትላለች። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ችግሩም እሱ ነው። ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙራ አይታ "ይሄን እኔ አልነካም፣ ሐኪም ይየው" የምትልም አለች። እንዲህ ያለችውን ካገኛችሁ አትልቀቋት።

ክሊኒክ ሰፋ ያለ ጊዜ ይሰጣል። ጥሩው ክሊኒክ ሜካፑን አስጠርጎ ፎቶ ያነሳችኋል፤ ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ በአንድ ዓይነት መብራት። ይህ ፎቶ በኋላ ለውጥ መኖሩን የምታዩበት ብቸኛ ማስረጃ ነው። ከዚያ መስታወት ይሰጧችሁና "የሚያስጨንቅሽን በጣትሽ አሳዪኝ" ይላሉ። ሐኪሙ የግንባሯን መስመር እያየ፣ ሴትየዋ የምታሳየው ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት ይሆናል። ሳይጠየቅ ቢጀመር ገንዘቧ ያላሰበችው ቦታ ላይ ይፈስ ነበር።

መጥፎው ክሊኒክ ደግሞ ሳትጠይቁት ጉድለታችሁን ይቆጥርላችኋል። አፍንጫችሁ፣ አገጫችሁ፣ ከንፈራችሁ። በአንድ ችግር ገብታችሁ በአምስት ትወጣላችሁ።

ወንዶችም አትደበቁ። ከምላጭ በኋላ አገጭና ማጅራት ላይ የሚወጣው እብጠት የቆዳ ሐኪም ጉዳይ ነው። ፀጉር ቤት ውስጥ አልኮል በማፍሰስ አይድንም።

ማሽኑ ለኛ ቆዳ ይሆናል?

የቆዳ ሐኪሞች ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ ከ1 እስከ 6 ይመድቡታል። ፊትዝፓትሪክ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 ጀመረው፣ በኋላ ጠቆር ያለ ቆዳን እንዲያካትት ሰፋ። አብዛኞቻችን ከ4 እስከ 6 ባለው ውስጥ ነን። እንዲህ ያለ ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ብጉር ሲፈነዳም፣ ሲቃጠልም፣ ሲላጥም ያው ነው።

ስለዚህ ማሽን ሁሉ አይሆነንም። ኤንዲ ያግ የሚባለው ባለ 1064 ናኖሜትር ሌዘር ጠልቆ ስለሚገባ የላይኛውን የቆዳ ቀለም ብዙም አይነካም፤ ለጠቆረ ቆዳ ይመረጣል። አይፒኤል የሚሉት ብርሃን ግን በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ የማቃጠል አደጋው ከፍ ይላል። "ማሽናችሁ የትኛው ነው? እንደኔ ዓይነት ቆዳ ላይ ሠርታችሁበታል? መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ትሞክሩታላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። "ለሁሉም ይሆናል" የሚል መልስ ከመጣ ቦርሳችሁን አንሱ። ቁስላችሁ ሲድን የሚያብጥ ጠባሳ፣ ኬሎይድ፣ የሚተው ከሆነም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ሐዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ፀሐዩ ክረምት ከበጋ ኃይለኛ ነው። የማድያት ሕክምና ከሰንስክሪን፣ ከፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት ሰንስክሪን ለማድያት ይሻላል፤ ማድያትን ዓይናችን የሚያየው ብርሃንም ያባብሰዋልና። ስለ ሰንስክሪን ቃል ሳይተነፍስ በመጀመሪያው ቀን ለማድያት ሌዘር የሚሸጥላችሁን ቤት እለፉት።

ዋጋውን እንዴት ይነግሯችኋል?

ሆስፒታል ካርድና መድኃኒት ነው፤ ኪስ አይጎዳም። ለውበት ብቻ የሚሠራ ነገር ግን እዚያ ብዙ አትጠብቁ። ሳሎን ዋጋው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ውስብስቡ ክሊኒክ ነው።

የአንድ ጊዜ ዋጋ ብቻ ከነገሯችሁ ገና ምንም አልነገሯችሁም። ለብጉር ጠባሳ የሚደረገው ማይክሮኒድሊንግ፣ ቆዳን በጥቃቅን መርፌ መበሳት፣ ብዙውን ጊዜ በወር ገደማ ልዩነት ከ3 እስከ 6 ጊዜ ይፈልጋል። ቦቶክስ በዩኒት ይቆጠራል፣ ከ3 እስከ 4 ወር ቆይቶ ይለቃል። ፊለር በሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ "በአጠቃላይ ስንት ያስወጣኛል፣ ከዚያስ በየስንት ጊዜው?" በሉና በወረቀት ጻፉልኝ በሉ። "ዛሬ ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ" ካሏችሁ ደግሞ ቤታችሁ ገብታችሁ እደሩበት። ነፃ ኮንሰልቴሽን ሲባልም ማን እንደሚያማክራችሁ እዩ፤ ሐኪም ነው ወይስ ሽያጭ ሠራተኛ?

ሰርግ ላለባችሁ አንድ ነገር። ቦቶክስ ሙሉ ለሙሉ የሚታየው በ2 ሳምንት ገደማ ነው። ፒሊንግ ደግሞ ፊትን ለቀናት ይልጠዋል። ሰርጉ ጥር 20 ሆኖ ጥር 17 ልምጣ ስትሉ "እሺ" የሚል ባለሙያ ለእናንተ አላሰበም።

ፊለር የምታስቡ ከሆነ "ሃያሉሮኒዴዝ እዚሁ አላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለርን የሚያሟሟው መድኃኒት ነው። ፊለር በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊሞት ይችላል፤ አልፎ አልፎ ዓይንም ይጠፋል። ያን ጊዜ መድኃኒቱን ፍለጋ ፒያሳ ለፒያሳ በባጃጅ መዞር አይቻልም።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው

እንግዳ መቀበያው ጋ የተሰቀለውን ወረቀት ቀርባችሁ አንብቡት። የንግድ ፈቃድ ለመነገድ ነው። ለመውጋትና ለማከም የጤና ተቋም ፈቃድና የባለሙያው የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሙያ ፈቃዱ ላይ ሙያው ተጽፎ ይገኛል። "የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ስፔሻሊስት" የሚለውንና የሁለት ሳምንት የኮርስ ሰርተፊኬትን አታምታቱ። ሁለቱም በወርቃማ ፍሬም ይሰቀላሉ። ነጭ ጋውን ደግሞ ማንም ገዝቶ ይለብሳል።

አዲስ አበባ ብሄድስ?

ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐኪሙ ራሱ ሪፈር ከጻፈላችሁ ሂዱ፤ እዚያ ያለው አለርት ሆስፒታል ለቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ለሌዘርም እዚያ ምርጫው ይሰፋል። ነገር ግን እነዚህ ሕክምናዎች መመላለስ አላቸው። አዲስ አበባ ታክማችሁ፣ ሐዋሳ ገብታችሁ፣ በማግስቱ ፊታችሁ ቢያብጥ ማን ያያችኋል? ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፤ ስልክ የሚያነሳ ሐኪም ስም ይዛችሁ ውጡ። ለማድያት ብቻ ከሆነ እዚሁ የሚሰጠው ክሬምና ሰንስክሪን፣ ከትዕግሥት ጋር፣ ብዙዎችን ያሽላል። ለውጡ በወራት ነው የሚታየው።

የትኛውንም በር ብትመርጡ ሜካፕ ሳትቀቡ ሂዱ። የምትወስዱትን ኪኒን ስም ያዙ፤ ደም የሚያቀጥን ካለበት በተለይ። ችግሩ ከመጀመሩ በፊት የተነሳችሁት ፎቶ ስልካችሁ ላይ ካለ ጥሩ። የምትቀቡትን ክሬም ሁሉ ደግሞ በፌስታል ከነካርቶኑ ይዛችሁ ግቡ። ያለቀም ቢሆን ባዶ ዕቃውን። ስም ከሌለው የት እንደገዛችሁትና ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀባችሁት ሳታፍሩ ንገሯቸው።