ኮምፒውተር ከቲቪ ለማገናኘት ለምታስቡ የሰሜን ሸዋ ወገኖች፤ ይህችን ባለሙያ እወቁልን

ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። የምንጽፈው በሰሜን ሸዋ በተለያዩ ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ክፍል የያዝን መምህራን ነን፤ የምንጽፍላት ደግሞ ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የጥገና ሱቅ ያላት እህታችን ናት። ኮምፒውተርና ቲቪ ታገናኛለች፣ ምስሉ ጥርት እስኪል ታስተካክላለች፣ የተበላሸውንም ትጠግናለች። ስሟና ስልኳ በአደባባይ እንዲለጠፍ ስላልፈለገች ለሚያስፈልገው ሰው በውስጥ መስመር እንልካለን።

ኬብል ሰክቶ «በቃ ሠርቷል» የሚል ሰው ሞልቷል። ምስል መምጣቱ ብቻውን ግን ለክፍል አይበቃም። የኋላ ወንበር ላይ ያለ ተማሪ የኤክሴል ሰንጠረዥ ውስጥ ያለውን ቁጥር ሳያፈጥ ማንበብ አለበት። እሷ ሥራው አለቀ የምትለው ያኔ ነው፤ እዚህ ድረስ የሚሄድ ባለሙያ በአካባቢያችን ብዙ ስለሌለ ነው እንዲህ በዝርዝር የምንጽፈው።

ሥራዋን የምትጀምረው በፍላሽ ይዛው በምትዞር አንድ ምስል ነው። ምስሉ አንድ ነጥብ ጥቁር፣ አንድ ነጥብ ነጭ እየሆነ እንደ ዳማ ሰሌዳ ተሞልቷል። ከጎኑ በሰማያዊ መደብ ላይ በቀይ ቀጫጭን ፊደላት ተጽፎበታል፤ ዙሪያውን ደግሞ የአንድ ነጥብ ውፍረት ያለው ነጭ መስመር ከቦታል። ይህን ቲቪው ላይ ሙሉ አድርጋ ትከፍትና ጠጋ ብላ ታያለች። ዳማው ከዳር እስከ ዳር እኩል ግራጫ ከመሰለ ኮምፒውተሩ የላከው እያንዳንዱ ነጥብ በቲቪው አንድ ነጥብ ላይ አርፏል ማለት ነው። ሞገድ የመሰለ ጥላ ካለው ቲቪው ምስሉን እየለጠጠ ወይም እየጨመቀ ነው። ነጩ መስመር ከጠፋ ዳር ዳሩ እየተቆረጠ ነው። ቀዩ ጽሁፍ ብቻ ከደፈረሰ ደግሞ ችግሩ ቀለሙ የሚላክበት መንገድ ነው። ምንም ሳትፈታ፣ ምንም ሳታስገዛ የበሽታውን ቦታ ታውቃለች።

አብዛኛው ብዥታ የሚመጣው ቁጥር ሳይገጥም ሲቀር ነው። ቲቪው 1920 በ1080 ነጥብ ካለው ኮምፒውተሩም ልክ ያንኑ መላክ አለበት፤ ፎርኬ ከሆነ 3840 በ2160። ላፕቶፑ የራሱ ስክሪን 1366 በ768 ሆኖ የዊንዶውስ ቁልፍና ፒ ተጭነን «ዱፕሊኬት» ስንመርጥ ግን ዊንዶውስ ለሁለቱም የሚሆን መጠን ስለሚፈልግ ቲቪው ከአቅሙ በታች ይወርዳል። እሷ «ሰከንድ ስክሪን ኦንሊ» ወይም «ኤክስቴንድ» ታደርገውና ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ «ሪኮመንድድ» የሚለውን መጠን ትመርጣለች። ፊደሉ አነሰብኝ ለሚል ሰው ሬዞሉሽን፣ ማለትም የነጥቡን ብዛት፣ አትቀንስም፤ «ስኬል» የሚለውን 150 በመቶ ታደርግለታለች፤ ፊደሉ ይተልቃል፣ ጥራቱ አይነካም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው 32 ኢንች ቲቪ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ 1080 ተጽፎ ይሆናል፤ ቁጥሩ ግን ቲቪው መቀበል የሚችለውን እንጂ ስክሪኑ ላይ ያለውን ነጥብ ላያሳይ ይችላል። በዚህ መጠን ያሉ ብዙ ቲቪዎች 1366 በ768 ናቸው። 1366 ደግሞ ለ8 ስለማይካፈል ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት 1360 በ768 ነው። እሱ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ እሱን ትሞክራለች፤ ከሌለ 1280 በ720ን እና 1920 በ1080ን በየተራ አስገብታ የትኛው ላይ ጽሁፉ ይበልጥ እንደሚነበብ ለባለቤቱ አሳይታ ትወስናለች። እንዲህ ዓይነት ቲቪ ላይ የጽሁፍ ጥራት ገደብ እንዳለውም ሳትደብቅ ትናገራለች።

ከኮምፒውተሩ ቀጥሎ ሪሞቱን ታነሳለች። ቲቪዎች ከድሮው የአንቴና ስርጭት በቀረ ልማድ የምስሉን ዳር ጥቂት በመቶ አስፍተው ይቆርጣሉ፤ የዊንዶውስ የታችኛው መስመር ግማሹ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ማጥፊያው በኤልጂ «ጀስት ስካን»፣ በሳምሰንግ «ስክሪን ፊት» ወይም «ፊት ቱ ስክሪን»፣ በሶኒ «ፉል ፒክስል» ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ በግራፊክስ ካርዱ ሶፍትዌር ምስሉን ያሳንሳል፤ ዳሩ ይመለሳል፣ ግን ምስሉ አንዴ ጠብቦ አንዴ ስለተለጠጠ ጽሁፉ ይደበዝዛል። የእሷ ደንብ ከቲቪው በኩል መጀመር ነው።

በሙከራው ምስል ላይ ለደፈረሰው ቀይ ጽሁፍ መፍትሔው ሳምሰንግና ኤልጂ ላይ የግብዓቱን ስም «ፒሲ» ብሎ መለወጥ ነው። ስም ብቻ ይመስላል እንጂ ቲቪው በዚያ ምርጫ ቀለሙን ሳይቀንስ፣ 4:4:4 በሚባለው ሙሉ አሠራር ማሳየት ይጀምራል። «ሻርፕነስ» የሚለውንም ዝቅ ታደርገዋለች፤ ከፍ ሲል ጥራት የሚጨምር ይመስላል፣ የሚሠራው ግን በየፊደሉ ዳር ነጭ ጥላ መሳል ነው።

ጥቁሩ ግራጫ መስሎ ምስሉ አመድ የተነሰነሰበት ሲሆን ወይም በተቃራኒው ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ቅርጹ ሲጠፋ ቲቪ ተበላሸ ብሎ መደምደም አያስፈልግም። ኮምፒውተር ብርሃንን ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል፤ የቪዲዮ ዓለም ግን ከ16 እስከ 235 ነው የሚጠቀመው። አንዱ በአንደኛው ልኮ ሌላው በሁለተኛው ሲያነብ ነው የሚበላሸው። በኮምፒውተሩ ግራፊክስ ሴቲንግ «ፉል» ወይም «ሊሚትድ» የሚለውን፣ በቲቪው ደግሞ «ብላክ ሌቭል» የሚለውን ማስማማት ነው። ሥራው ደቂቃ አይፈጅም፤ ያላወቀው ግን ቲቪውን ይዞ ጠጋኝ ቤት ለጠጋኝ ቤት ይዞራል።

ኬብል ላይ ያላት ታማኝነት ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው። ኬብሉ ሲታመም ነጫጭ ብልጭታ ይረጫል፣ ምስሉ ለሴኮንድ ይጠፋና ይመለሳል ወይም ጭራሽ አይመጣም። በትንሹ ብዥ አያደርግም፣ ቀለምም አያደበዝዝም፤ ወርቅ የተቀባ ጫፍም ምስል አያጠራም። 1920 በ1080 በሴኮንድ 60 ጊዜ ለማሳየት በኬብሉ ማለፍ ያለበት መረጃ በሴኮንድ 4.5 ጊጋቢት አካባቢ ሲሆን «ሃይ ስፒድ» የሚባለው የተለመደ ኬብል እስከ 10.2 ይሸከማል። ፎርኬ በ60 ግን ወደ 18 ስለሚጠጋ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» ያስፈልገዋል። ስለዚህ ውድ ኬብል የምታስገዛው ለሚያስፈልገው ብቻ ነው። እስከ 5 ሜትር በተለመደው ትሠራለች። ለአዳራሽ ረዘም ያለ ሲፈለግ የራሱ ማጉያ ያለውን ወይም መረጃውን በብርሃን የሚያስተላልፈውን የፋይበር ኬብል ትመርጣለች። እነዚህ አቅጣጫ አላቸው፤ «ሶርስ» የሚለው ጫፍ ወደ ኮምፒውተር፣ «ዲስፕሌይ» የሚለው ወደ ቲቪ ነው። ግድግዳ ውስጥ ተገልብጦ የተቀበረ እንደሆነ ማውጣት ግድ ነው፤ ስለዚህ ከመቅበሯ በፊት መሬት ላይ ዘርግታ ትሞክረዋለች።

ቪጂኤ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አይቢኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ባለ 15 ፒን መሰኪያ አናሎግ ስለሆነ ቀጭንና ረጅም ኬብል በእርግጥም ፊደሉን ጥላ ያስጥለዋል። ድምፅም አያስተላልፍም። በየትምህርት ቤታችን ያሉት ብዙዎቹ ዴስክቶፖች ይህ ብቻ ነው ያላቸው። ቲቪው የቪጂኤ መግቢያ ከሌለው ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጥ ኮንቨርተር ያስፈልጋል፤ ኃይሉን ከዩኤስቢ፣ ድምፁን ከኮምፒውተሩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚወስድ መሆን አለበት። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጠው መልኩ አንድ ነው፤ ወደኋላ ግን አይሠራም። ተሳስቶ የገዛ ሰው ኮንቨርተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። የግራፊክስ ካርድ የተጨመረበት ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ኬብሉን ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ መሰካት ነው፤ የማዘርቦርዱ አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋል። ዩኤስቢ ሲ ያለው ላፕቶፕ ሁሉ ምስል ያወጣል ማለትም አይደለም፤ ዲስፕሌይፖርት የሚባለውን የምስል መላኪያ በዚያው ቀዳዳ የሚያሳልፍ መሆኑ አስቀድሞ ይጣራል።

ቢጫ፣ ነጭና ቀይ መሰኪያ ብቻ ላለው አሮጌ ቲቪ ኮንቨርተር አለ፣ ማብሪያው በአገራችን ቲቪዎች የተለመደው የምስል ዓይነት በሆነው «ፓል» ላይ ይደረጋል። ፊልም ይታይበታል፤ ጽሁፍ ግን አይነበብበትም። እሷ ይህን ለሚጠይቃት ቀድማ ትነግረዋለች፤ ለትምህርት ነው ካላት አትሠራለትም፣ ገንዘቡን ለሌላ ቲቪ እንዲያጠራቅም ትመክረዋለች።

አሁን ዋናው፣ የደኅንነቱ ጉዳይ። ባለ ሁለት እግር የላፕቶፕ ቻርጀር የመሬት ሽቦ የለውም። ውስጡ ያለው የረብሻ ማጣሪያ ካፓሲተር ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ላፕቶፑ ብረት ያሾልካል፤ እጃችንን ነዘር የሚያደርገን እሱ ነው። ጤነኛ ቻርጀር ላይ መጠኑ ሰው አይጎዳም፤ ቮልቴጁ ግን ሲለካ የ220ው ግማሽ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ከጣሪያው ዲሽ የሚወርደው ገመድ ደግሞ ሪሲቨሩንና ቲቪውን ከመሬት ጋር ሊያገናኛቸው ይችላል። ላፕቶፑና ቲቪው ኤችዲኤምአይ ጫፍ ላይ ሲገጣጠሙ ብልጭ ይላል፣ ከቀዳዳው ጀርባ ያለችው ቺፕም ልትቃጠል ትችላለች። «ኤችዲኤምአይ አንድ ሞቷል፣ ሁለት ግን ይሠራል» የሚባሉ ቲቪዎች አንዱ ምክንያታቸው ይህ ነው። የእሷ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ሁሉም ከሶኬት ይነቀላል፣ የዲሹም ገመድ ይፈታል፤ ኤችዲኤምአይ ይሰካል፤ ዲሹ ይመለሳል፤ በመጨረሻ ኮምፒውተሩም ቲቪውም የመሬት ሽቦ ባለው አንድ ዲቫይደር ላይ ይሰካሉ። የመሬት ሽቦው መኖሩን በዓይን አትገምትም፤ በመልቲሜትር ትለካለች። ከሌለ ወይም ከተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ አሠሩ ብላ ትመለሳለች። ይህን ስታደርግ ሥራ አበዛች ብላችሁ እንዳትቆጡባት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ መጀመሪያ ቲቪው፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ይበራል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቲቪው ምን መጠን እንደሚቀበል ይጠይቀዋልና፣ ቲቪው ጠፍቶ ከሆነ ኮምፒውተሩ በግምት 1024 በ768 ሊልክ ይችላል። ድምፅ ከላፕቶፑ ብቻ ከወጣ የድምፅ ምልክቱን ነክቶ የቲቪውን ስም መምረጥ ነው። በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል) የተቀረጸ ቪዲዮ ሲሄድ ገታ ገታ የሚል ከሆነ ምስሉ በሴኮንድ የሚታደስበትን ብዛት ከ60 ኸርዝ ወደ 50 መቀየር ያለሰልሰዋል።

ቦታውንም ታውቃለች። ደብረ ብርሃን ሲቀዘቅዝ ያደረ ቲቪ በጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ሲገባ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይቆይ እንዳይበራ ትላለች። ሸዋ ሮቢት ላይ ላፕቶፕ ክዳኑን ዘግቶ ቲቪ ሥር ማሠራት፣ ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነው ደብረ ብርሃን ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ የማቀዝቀዣውን መተንፈሻ በአቧራ ማስደፈን፣ ሁለቱም ማሽኑን ያፍናሉ።

ሥራው ሲያልቅ ከቲቪው ጀርባ አንዲት ወረቀት በፕላስተር ትለጥፋለች። በእጅ ጽሁፏ ግብዓቱ የትኛው እንደሆነ፣ ሬዞሉሽኑ፣ ኸርዙ፣ ስኬሉ፣ ብላክ ሌቭሉ፣ የኬብሉ ርዝመት፣ ከሥር ደግሞ «መጀመሪያ ቲቪ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተር» ተብሎ ተጽፏል። ሴቲንጉን አንድ ሰው ቢነካካው ማንም መምህር ወረቀቷን አይቶ ይመልሰዋል፤ እሷን መጥራት አያስፈልገውም። ደንበኛዋ እንዳይመለስባት የምትሠራ ባለሙያ ናትና እግዜር ይስጥልን፣ እጇ ይባረክ።

ልታሠሩ የምትሄዱ ሰዎች፣ ከመንዝም ሆነ ከአንኮበር፣ ቲቪውን ተሸክማችሁ አትድከሙ። የቲቪው ጀርባ ላይ ያለውን የሞዴል ጽሁፍ፣ የቲቪውንና የኮምፒውተሩን መሰኪያዎች ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከኮምፒውተሩ እስከ ቲቪው ያለውን ርቀት በአየር ላይ ሳይሆን ኬብሉ በሚሄድበት ግድግዳና ጥግ ተከትላችሁ ለኩ፤ አንድ ሜትር ጨምሩበት። ቲቪው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከሆነ ከጀርባው ስንት ሴንቲሜትር ክፍት እንዳለ ንገሯት፤ ቀጥ ያለ ጫፍ ተገፍቶ ቀዳዳውን ይሰብራል፣ የታጠፈው ጫፍ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፍ ሁለት ዓይነት ነው። ሒሳቧን ከሥራው በፊት ትነግራችኋለች።