ሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ ቻንግቹን ከተማ ያለው ጂንግዩዌታን የሐይቅ መናፈሻ የምትሄዱ ሐበሾች፦ «በ30 ኳይ (ዩዋን) በፈረስ ላስገባችሁ» የሚለውን ሰውዬ እንዳትሰሙት

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ከብርዱ ይሁን ከንዴቱ እኔም አልለየሁትም። ዛሬ ገና ነው፤ በዓል ላከብር ወጥቼ 480 ኳይ ተበልቼ ገባሁ። «480 ምን አላት?» የምትሉ ነጋዴዎች ትኖሩ ይሆናል። እኔ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ በወር የሚሰጠኝ 3000 ነው። 480 ማለት ለእኔ የሁለት ሳምንት የካንቲን ምግብ ናት።

ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። ቻንግቹን አንድ ክረምት ያሳለፈ ሁሉ ያውቀዋል። የፀጉር ባርኔጣውን ጆሮው ላይ የደፋ፣ ጉንጩ ቲማቲም የመሰለ፣ ገና ከሩቅ «ላኦቲዬ!» እያለ የሚጣራው። ቃሉ ሲፈታ «አሮጌ ብረት» ነው፤ የሰሜን ምሥራቅ ሰዎች የልብ ወዳጃቸውን የሚጠሩበት ነው። እኔና እሱ እንግዲህ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ የልብ ወዳጅ ሆንን።

ብቻዬን አልነበርኩም። ዘንድሮ የመጣች አንዲት እህታችን አብራኝ ነበረች። ከአገር ውጭ የመጀመሪያ ገናዋ ነው፤ ጠዋት ከእናቷ ጋር በቪዲዮ ስታወራ የዶሮ ወጡን ድስት አሳዩአትና ስታለቅስ ዋለች። «ተነሺ፣ ዛሬ ጉድ አሳይሻለሁ» አልኳት። በ3 ቁጥር ቀላል ባቡር ተሳፈርን።

መንገዱን ሙሉ አስጎብኚ ሆንኩላታ! ሐይቁ የተፈጥሮ እንዳይመስልሽ፣ በ1934 ውሃ ገድበው የሠሩት ነው አልኳት። ያኔ ጃፓኖች ይህን አገር ይዘው ማንቹኩዎ የሚባል የአሻንጉሊት መንግሥት አቁመው ነበር፤ ቻንግቹን ደግሞ ሺንጂንግ ተብላ ዋና ከተማው ሆነች፤ ለዚያች ከተማ የመጠጥ ውሃ ነው የገደቡት። ደኑም ሰው የተከለው ነው። ስሙ «የጠራች ጨረቃ ኩሬ» እንደ ማለት ነው፤ የታይዋኑ የፀሐይና የጨረቃ ሐይቅ እህት ይሉታል። ከ2003 ጀምሮ የስዊድኑ የቫሳሎፔት የበረዶ ሸርተቴ ውድድር የቻይናው ቅጂ እዚህ ይካሄዳል... ይህን ሁሉ የሚያውቅ ምሁር ነው እንግዲህ አንድ ሰሌዳ ማንበብ ያቃተው።

በሩ ጋ ስንደርስ ሰልፍ አለ። መግቢያው 30 ኳይ ነው። ላኦቲዬ ከኋላችን መጣና «ምን ያሰልፋችኋል? በዚያው በ30 ፓሊ ላይ አስቀምጬ በደኑ በኩል በረዶው ላይ አወጣችኋለሁ፤ ትኬትም አያስፈልግ» አለን። ፓሊ ፈረስ የሚጎትተው የእንጨት መንሸራተቻ ነው። እኔ ባሕር ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ። የጣና ጀልባ ላይ እግሬን ከማንሳቴ በፊት የሄድ መለሱን፣ የሰዓቱን፣ የገዳሙን መግቢያ አንድ በአንድ የምከራከር ሰው! ዛሬ ግን የሁለት ሰው ትኬት 60 ኳይ ማትረፌ ብቻ ታየኝ። ስስት ዓይን ታሳውራለች።

ከደኑ ጫፍ ወዳለች ጎጆው ወሰደን። በሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በቀይ፣ የሰው ጭንቅላት በሚያህል ቁጥር፣ 30። ከሥሩ በረዶ ተለጥፎበታል። «አየሽ፣ ዋጋው ተጽፏል፤ እዚህ አገር የተጻፈ ዋጋ ካየሽ ችግር የለም» ብዬ አስተማርኳት። ጎጆው ውስጥ የተቀመጠች ሴትዮ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመች ሁለት ወፍራም አረንጓዴ የወታደር ካፖርት ወረወረችልን። ለበስን፣ ተቀመጥን፣ ፈረሱ ቃጭሉን እያንቃጨለ ተነሳ።

እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። የፈረሱ ትንፋሽ ጢሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ ጥዱ ሁሉ ጥጥ ተሸክሟል፤ በረዶው ከሥራችን አንዳንዴ እንደሚቃትት ሰው ድምፅ ያሰማል። ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ እንደዛሬ ስትስቅ አላየኋትም። ላኦቲዬም መልካምነቱ! ዛፎቹ ጋ ሲደርስ «ፈረሱ ትንሽ ይረፍ» ብሎ ቆመ፤ ፎቶ አንሱ አለን። ሐይቁ መካከል ሲደርስ ደግሞ ቆመ። ስልኳን ራሱ ተቀብሎ፣ በረዶው ላይ ተንበርክኮ፣ «ወደዚህ ዙሩ፣ ወደዚያ ዙሩ» እያለ ሃያ ፎቶ አነሳን። የእኔ ስልክ 40 ፐርሰንት እያለው በብርዱ ድርግም አለ። የታወቀ ነው፣ እዚህ ቅዝቃዜ ውስጥ ባትሪ አይቆምም። ይህን ሲያይ እጁን ብብቱ ውስጥ ሰደደና ፓወር ባንክ አውጥቶ ሰጠኝ። ገላው ያሞቀው፣ እንደ እንቁላል ሙቅ የሆነ ፓወር ባንክ። አመሰገንኩት። ደጋግሜ። ለልጅቷም «አየሽ ደግነታቸውን!» አልኳት። ይቺን ዓረፍተ ነገር ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ስልኬ እንደበራ ላኦቲዬ ልጓሙን ሳብ አደረገና የራሱን ስልክ ዓይኔ ሥር አመጣው። የሰዓት መቁጠሪያ ነው። 40 ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ፤ ይቆጥራል። ገና ፓሊው ላይ ስንቀመጥ ነው የጫነው። ቀጥሎ አንድ ፎቶ ከፈተ፤ ያው ሰሌዳ ነው፣ ግን በረዶ የለበትም። ከ30ው ሥር በቀጭን ጽሑፍ፦ «በሰው፣ በየ5 ደቂቃው»። በጓንቱ ጣት እየጠቆመ አሰላልኝ። 40 ለ5 ስምንት። ስምንት ጊዜ 30 ሁለት መቶ አርባ። ሁለት ሰው፣ 480። የፈረሱ እረፍት፣ የሃያው ፎቶ፣ መንበርከኩ፣ ሁሉም ሲቆጠር ነበር ለካ።

«30 ብለኸኝ የለም?» አልኩ። «30 ነዋ» አለ። አልተቆጣም እኮ! ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ካርዱን ከካፖርቱ ሥር ጎትቶ የዊቻት (እዚህ ሰው የሚከፍልበትም መልእክት የሚላላክበትም የስልክ መተግበሪያ) ኪዩአር ኮዱን አሳየኝ፤ አንገቱ ላይ እንደ ማተብ አስሮታል። ፖሊስ እጠራለሁ አልኩት። «ጥራ» አለ፣ ሲጋራውን እያቀጣጠለ። «ትኬታችሁስ የታል?» ዞር ብዬ ሳይ ዳርቻው የክብሪት እንጨት ያህላል። ብርዱ ከዜሮ በታች 23 ነው። ፓስፖርቴ ዶርም ነው፤ የውጭ ዜጋ ሆኖ ፓስፖርት ሳይዙ መንቀሳቀስ ደግሞ ራሱ ጥፋት ነው። «ካልፈለጋችሁ ውረዱና በእግራችሁ ሂዱ» አለና ልጓሙን አነሳ። ልጅቷ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ወንድሜ፣ ቻይንኛ ትችላለህ አላልከኝም?» አለችኝ።

ከፈልኩ። ስልኬ የሞላው 4 ፐርሰንት ነበር፤ ለእሱ የሚበቃውን ያህል ብቻ። እንደከፈልኩ ፓወር ባንኩን ነቅሎ ብብቱ ውስጥ መለሰው።

ጎጆው ጋ ስንመለስ አላስችለኝ አለና ለሴትዮዋ መጮህ ጀመርኩ። ከወንበሯ እንኳ አልተነሳችም። የሱፉን ገለባ እንትፍ አለች፣ መጥረጊያዋን ዘረጋችና የሰሌዳውን ግርጌ አንዴ ጠረገችው። በረዶው ረገፈ፤ ጽሑፉ ቁልጭ አለ። «ማንበብ አትችልም?» አለችኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ አልኩ፤ እሱን ባልኩ አይደለም! ምድጃው ዳር ለተቀመጡት ሁለት ሰዎች «ዩኒቨርሲቲ ነው አሉ» ብላ ነገረቻቸው፤ ተሳሳቁብኝ። አንዱ እንዲያውም ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ይቀርጸኝ ጀመር። ከመውጣታችን በፊት ሴትዮዋ መጥረጊያውን ጥላ በእግሯ ጫፍ በረዶ ወደ ሰሌዳው ስትመልስ አይቻታለሁ፤ ቀጣዩ ደንበኛ እየመጣ ነበር።

ቻይኖች ራሳቸው ቱሪስት መዝረፍን «ዛይ» ነው የሚሉት፤ ማረድ ማለት ነው። በ2017 መጨረሻ ሄይሎንግጂያንግ ውስጥ የበረዶ መንደር በሚሉት ቦታ የታረዱ እንግዶች በኢንተርኔት ጽፈው አገር ምድሩ ሲንጫጫ ነበር፤ ታሪኩን በቋንቋ ክፍል አንብበን እኔ «ሞኞች» ብዬ ስቄባቸዋለሁ።

በሉ፣ ምክሩ አጭር ነው። ሰልፉን ተሰልፋችሁ ትኬታችሁን ቁረጡ። ፓሊ ካማራችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት በሰው ነው ወይ፣ በደቂቃ ነው ወይ፣ መመለሻውን ይጨምራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በድምፅ ቅረጹ። የራሳችሁን ፓወር ባንክ ሆዳችሁ ሥር አድርጋችሁ ያዙ። ትኬት ካላችሁ 12315 (የሸማቾች አቤቱታ መስመር) ወይም 12345 (የከተማው አስተዳደር መስመር) ደውላችሁ መክሰስ ትችላላችሁ። እኔ በደን ሾልኬ የገባሁት ምን ብዬ ልክሰስ?

ልጅቷ ማታ በዊቻት 240 ኳይ ላከችልኝ፤ «ድርሻዬ» ብላ፣ ከፈረሱ ፎቶ ጋር። አልነካሁትም። 24 ሰዓት ሲሞላው በራሱ ይመለስላታል።