ላሮጌ ላፕቶፕ ሚንት፣ ፍሌክስ ወይስ ክራክ ዊንዶውስ?

የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ጥያቄው አንድ ሆኗል፦ «6ኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ 4 ጊጋ ራም ነው ያለኝ፤ ምን ልጫንበት?» መልሴ፦ ዊንዶውስን የሚተካውን ነፃ ሲስተም ሊኑክስ ሚንትን፣ ያውም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ዓይነት። ዊንዶውስ ላይ ብቻ በሚሠራው በፒችትሪ ፕሮግራም ሒሳብ የምትሠሩ ግን ዊንዶውሳችሁን አትንኩ።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ዊንዶውስ 11 ሆም በሕጋዊ መንገድ 139 ዶላር ነው፤ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን ኢንቴል ደግሞ ከጥቂቶች በቀር በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ሱቅ የሚጫንላችሁ ክራኩ (ያለ ፈቃድ የተከፈተው ቅጂ) ነው። ክፍያው ትንሽ ይመስላል፤ ክራኩን የሚከፍተው ፕሮግራም (አክቲቬተሩ) ግን መጀመሪያ «ዲፌንደርን»፣ ማለትም የዊንዶውስን ጸረ ቫይረስ፣ «አጥፉ» ይላል፤ ቫይረስም ሊገባ የሚችለው ያኔ ነው። ከዚያ ፎርማት፣ ከዚያ እንደገና ክፍያ።

ሚንትም፣ የጉግሉ ሲስተም ክሮም ኦኤስ ፍሌክስም 0 ብር ናቸው። ፍሌክስ ግን ሥራው ሁሉ ብራውዘር ላይ ስለሆነ ፓኬጅ ይበላል። ፕሌይ ስቶር የለውም፤ ሲጫን ደግሞ ዲስኩን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋል፣ ከዊንዶውስ ጎን አይቀመጥም። ሚንት አንዴ 3 ጊጋ ገደማ ማውረድ ነው፤ ሊብሬ ኦፊስ አብሮት ይመጣል። ሰው ካወረደው ደግሞ መገልበጥ ብቻ።

ሲስተሙ የሚጫነው ከፍላሽ ነው፤ ብዙ ሰው የሚከስረውም እዚያ ላይ ነው። «64 ጊጋ» የተጻፈበት ፎርጅድ ፍላሽ እውነተኛ መጠኑ 8 ወይም 4 ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ የጻፋችሁት ይበላሻል። ጭነቱ መሀል ላይ ኤረር ሲል ላፕቶፑ ይወቀሳል። ትክክለኛ 8 ጊጋ ይበቃል፤ ከመጠቀማችሁ በፊት የፍላሽን እውነተኛ መጠን በሚለካው በኤች2ቴስትደብሊው ፕሮግራም ፈትሹት።

ያወረዳችሁትን ሚንት በሩፈስ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጽፋችሁ ላፕቶፑን ከፍላሹ ስታስነሱ (ሲበራ የሚነካው ቁልፍ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው) ወዲያው አትጫኑ። ከፍላሹ ላይ እንዳለ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና የስክሪን ብርሃኑን ሞክሩ። ብሮድኮም ዋይፋይ ካልታየ ዕዳው ገብስ ነው፦ ስልክ በኬብል ሰክታችሁ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ማጋራት) ማብራት፣ ከዚያ ድራይቨሩን ከድራይቨር ማኔጀር መጫን። ዲስኩ ካልታየ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ «ሳታ» የሚለው የዲስክ ምርጫ «ሬይድ» ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ወደ «ኤኤችሲአይ» ይቀየራል፣ ግን ያለው ዊንዶውስ አልነሳም ሊል ይችላል። ዊንዶውሱን ከሚንት ጎን ማቆየት ከፈለጋችሁ ዊንዶውሱ ውስጥ ፋስት ስታርትአፕን (ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን ምርጫ) አጥፉ፤ አለዚያ ሚንት ፋይሎቻችሁን ያነባል እንጂ አይጽፍባቸውም።

አማርኛ ለመጻፍ አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ከሶፍትዌር ማኔጀር አውርዳችሁ «ሴራ» የሚለውን (በላቲን ቁልፎች አማርኛ የሚያጽፈውን) ትመርጣላችሁ። በድሮ ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ስትከፍቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ቢመጣ አትደንግጡ፤ ፋይሉ አልተበላሸም። ፎንቱን ከዊንዶውሱ ቀድታችሁ ሚንት ላይ ጫኑት።